ስምንት ልጃገረዶች ለሚያድሩበት ቤት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ታናሽ እህቴ የ2018 ዓ.ም. የአንደኛ መንፈቀ ዓመት የውጤት ካርዷን ፎቶ ላከችልኝ። በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ በምትማርበት ክፍል ካሉት 54 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጥታለች። ከካርዱ ቀጥሎ ሌላ ፎቶ ነበር። ስምንት ልጃገረዶች የየራሳቸውን ካርድ ይዘው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል፤ መሐላቸውም ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ካርድ ስላልያዙት ስለ እኚህ እናት ነው።

እኔ አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር የጉራጌ ደጋ ልጅ ነኝ። ከቤተሰቤ መንደር እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በክረምቱ ጭቃ ደግሞ አራት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ አንድ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ዘጠነኛ ሲገባ ቤተሰቡን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ልጁ የት ያድራል የሚለው ጉዳይ ነው፤ መምህሩም መጽሐፉም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከተማው ውስጥ ክፍል ይከራዩለታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮውን፣ በሶውን፣ ቆሎውንና ድንቹን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዓርብ ደግሞ ባዶ ጆንያውን አጥፎ ይመለሳል። እኔም በኩራዝ እያነበብኩ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው። ወንድ በመሆኔ ግን እህቶቼን በኋላ ያጋጠማቸው ነገር እኔን አላጋጠመኝም።

የወይዘሮዋን ስም፣ የከተማውንም ሆነ የትምህርት ቤቱን መጠሪያ እዚህ ላይ አልጽፍም። ምስጋናዬን በስማቸው ባቀርብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ልጃገረዶች የሚያድሩበትን ቤት አድራሻ ማንም ሰው በሚያየው ጽሑፍ ላይ ማስፈር ተገቢ እንዳልሆነ የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው እኔም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እትዬን ያገኘናቸው ከስሕተት በኋላ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነበር። ታላቋ እህቴ በ2014 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ኪራዩ ርካሽ በመሆኑ ብቻ፣ ከአንድ አረቄ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል በስልክ ተስማምቼ ተከራየሁላት። በሩ ከውስጥ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ እንኳ አልነበረውም። ማታ ማታ ጠጪዎች በሩን እየገፉ ስለሚያስቸግሯቸው እህቴና አብራት የምትኖረው ልጅ ጠረጴዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ያድሩ እንደነበር የሰማሁት መንፈቀ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። በስምንተኛ ክፍል አንደኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ በመጀመሪያው የዘጠነኛ ክፍል ካርዷ 31ኛ ወጣች። አባታችን ካርዱን አይቶ፣ ትምህርቱ ካልሆነላት ትመለስና እናቷን ታግዝ አለ። እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ስለ ጥናት አያያዝ በስልክ ረጅም ምክር ሰጠኋት። ሌሊቱን በር ስትጠብቅ ያደረች ልጅ ቀን ላይ ፊዚክስ እንዴት እንደምትከታተል መጠየቅ አልመጣልኝም። ነገሩን የደረሱበት የክፍል ኃላፊ መምህሯ ናቸው። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲያሸንፋት ደጋግመው በማየታቸው ለብቻዋ ጠርተው አነጋገሯት፤ ወደ እትዬ ቤትም የጠቆሙን እሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዕቃዋን ይዛ ገባች።

እትዬ በጤና ጣቢያ ለረጅም ዓመታት በጽዳት ሠራተኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ቤታቸውን ለሴት ተማሪዎች ብቻ ማከራየት ለምን እንደጀመሩ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም። በሁለት ክፍሎች ውስጥ አራት አራት አልጋ አለ። በሮቹ የብረት ሆነው ከውስጥ ይቀረቀራሉ፤ መጸዳጃ ቤቱም ከአጥር ውጭ ሳይሆን በግቢው ውስጥ ነው፣ ሌሊት የሚበራ መብራትም አለው። አንባቢ ይህ ምን ያስገርማል ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በገጠር ከተሞች ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎችን ዞሮ ያየ ሰው እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ቤት ተሟልተው መገኘታቸው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይጠፋውም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስምንቱም ልጆች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያጠናሉ። ስልክ ያላቸው ልጆች ስልካቸውን ክዳን ባለው ሙዳይ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሙዳዩም እትዬ እግር ሥር ይውላል። መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ሁለት ፋኖሶች ይወጣሉ። እትዬ ራሳቸው ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የላቸውም፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት ጥጥ እየፈተሉ አብረው ይቀመጣሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዘጠነኛዎቹ ሒሳብ እንዲያስረዱ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጅ ጥያቄ ሲያቅታት መልሱን አያውቁትም፤ ከስምንቱ የትኛዋ እንደምታውቀው ግን ያውቃሉ። እህቴ እንደነገረችኝ አስረጂዋ ቸኩላ ካለፈች፣ እትዬ እንዝርታቸውን አቁመው፣ እኔም አልገባኝም፣ ድገሚው ይሏታል።

ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ በአንድነት ይቀመጣል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ አልወደድኩትም ነበር፤ አንዱ ቤተሰብ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ስለሚልክ ቅሬታ ያስነሣል ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዷ ልጅ ለብቻዋ በምታበስልበት ቤት ከትምህርት መልስ ያለው ጊዜ ሁሉ በእሳት ማንደድ ያልቃል። እዚህ ግን ሁለት ልጆች በተራ ቆጮውን ይጋግራሉ፣ ጎመኑን ወይም ሽሮውን እትዬ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ልጆች ደግሞ ያጠናሉ። ስንቋ ሳይበቃት ረቡዕና ሐሙስን በቆሎ ብቻ የምታሳልፍ ልጅም የለችም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ ዘንድ ወንዶች በይፋ የማንጽፈው ጉዳይ ስለሆነ ቃል ስመርጥ ቆይቻለሁ። ታላቋ እህቴ በቀድሞው ቤት ሳለች በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ትቀር ነበር፤ እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ እንደ ስንፍና ቆጥሬው ነበር። በእትዬ ቤት ከጓዳው በር ጀርባ አንድ ሳጥን አለ። በውስጡ የንጽሕና መጠበቂያ ይቀመጣል፤ የፈለገች ልጅ ማንንም ሳትጠይቅ ትወስዳለች፣ ወጪውም በወሩ መጨረሻ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። እህቴ እዚያ ቤት ከገባች በኋላ በነበሩት ካርዶች ላይ የቀሪ ቀናት ቁጥር ምን ያህል እንደቀነሰ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ወላጆች ካርድ ስትቀበሉ ከደረጃው በፊት ያችን ቁጥር እንድትመለከቱ እመክራለሁ።

ባለፈው ኅዳር እናታችን ታማ ተኝታ ነበር። እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ስለነበረና በቤት ሴት ስላልነበረ፣ አባታችን ታናሿን እህቴን ለመውሰድ ሐሙስ ዕለት መጣ። እትዬ አልከለከሉትም፤ መከልከልም አይችሉም። ቡና አፍልተው አስቀመጡት፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስንት ሳምንት እንደቀረው በጣታቸው ቆጠሩለት፣ ከዚያም ልጅቷ ዓርብ ከትምህርት መልስ ሄዳ ቅዳሜና እሑድን እንድትሠራ፣ ሰኞ ጠዋት ግን ክፍሏ እንድትገኝ ተስማሙ። ከጎረቤት ልጅ ጋር እየተጓዘች ለአምስት ሳምንታት እንዲሁ አደረገች። እናታችን ዛሬ ድናለች። ዘንድሮ ሁለተኛ የወጣችውም ይህችው ልጅ ናት።

ስለ ትምህርት ቤቱም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ሁላችንም እንደምናውቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት የሚያመጡት ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእኛም ትምህርት ቤት በአንድ ወቅት ከእነዚህ አንዱ ነበር። መምህራኑ ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ጨምረው ያለ ክፍያ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ መቆየታቸውን ስለማውቅ ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው በዚያ ትምህርት ላይ ግን መገኘት የሚችሉት ዓርብ ማታ ከተማው ውስጥ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። እትዬ ለ12ኛ ክፍል ልጆች ዓርብና ቅዳሜ ማታም ቤቱን ክፍት አድርገው፣ ተጨማሪ ኪራይ ሳይጠይቁ አቆይተዋቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. ከዚያ ቤት ሦስት ልጆች ለብሔራዊ ፈተናው ተቀመጡ። ለፈተና ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ እትዬ ለእያንዳንዳቸው በሶ አስጨብጠው፣ ብርድ ልብስና አንሶላቸውን አስረው፣ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆመው ሸኟቸው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ እኛ ቤተሰቦች ድምፃቸውን ሳንሰማ ሰነበትን። ታላቋ እህቴ እንደምትለው፣ ከእሷ ጋር ከተመደቡት የሩቅ ገጠር ልጆች አንዳንዶቹ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ማደሩ ከፈተናው በላይ አስጨንቋቸው ነበር፤ እሷ ግን በተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝታ፣ እንደለመደችው እስከ አራት ሰዓት አጥንታ አደረች። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ውጤቱ ሲገለጽ ከ600 ነጥብ 352 አምጥታ አለፈች። ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሁለተኛዋም አልፋለች። ሦስተኛዋ ማለፊያውን ባታገኝም የአቅም ማሻሻያ ትምህርቱን በመከታተል ላይ ናት፤ እትዬ በየሳምንቱ የሚደውሉትም ላለፉት ሳይሆን ለእሷ ነው።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ደግሞ ከስምንቱ አራቱ ከየክፍላቸው እስከ አምስተኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገብተዋል፤ ታናሿ እህቴም ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላትና አንድ ደርዘን ደብተር ተሸልማለች። ከሁሉም ግን እኔን ያስደሰተችኝ ደረጃዋ 19ኛ የሆነችው የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው ያውቃል፤ ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ የእንሰቱን ቅርፊት በተጋደመው ሳንቃ ላይ በአንድ እግሯ ከፍ አድርጋ ደግፋ ይዛ፣ በእጇ ትፍቃለች፤ ቀኑን ሙሉ። ይህች ልጅ ከአጠና እንጨትና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቅርፊቱን ቆንጥጦ የሚይዝ መደገፊያ ሠርታ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስና የፈጠራ ሥራ ትርዒት አቀረበች፤ ወረዳ ላይ ትምህርት ቤቱን ወክላ እንድትቀርብም ተመርጣለች። ላስቲኩን የለመኑላት እትዬ ናቸው፣ የመጀመሪያዋ ሞካሪም እሳቸው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው መሣሪያው አሁን ግቢያቸው ውስጥ እያገለገለ ነው።

ጥቆማዬ ሙሉ እንዲሆን የማይመቹትንም ነገሮች እናገራለሁ። እትዬ ቁጡ ናቸው፤ ከዘመድ በቀር እንግዳ አያስገቡም፣ ዘመዱም ቢሆን አስቀድሞ ስሙ ካልተነገራቸው በር ላይ ይመለሳል። እኔ ራሴ የመስቀል ሰሞን አገር ቤት ስገባ ሳልደውል ሄጄ አጥር ውጭ ቆሜያለሁ። ሁለት ጊዜ ያለ ፈቃድ ያመሸች አንዲት ልጅ መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ ከቤቱ ወጥታለች፤ ቅጣቱ ከብዷል ብዬ ነግሬያቸው ሐሳቤን አልተቀበሉኝም። ወጥ ቤቱም ጭስ ይበዛበታል። ኪራዩ ለአንዲት ልጅ በወር 600 ብር ሲሆን ከአካባቢው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ ከሌለ ከፊሉን በድንች፣ በገብስ ወይም በቆጮ ይቀበላሉ፣ ክፍያውንም እህል እስኪሰበሰብ ይታገሣሉ።

በመጪው ሰኔ ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች ስለሚጨርሱ ሁለት አልጋዎች ይለቀቃሉ። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ያላችሁ ሴት ልጅ ካለችና ከአካባቢያችን ከሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማንነታችሁን ካረጋገጥኩ በኋላ ከእትዬ ጋር አገናኛችኋለሁ። እስከ ነሐሴ አትቆዩ፤ ባለፈው ዓመት አምስት ቤተሰቦች ዘግይተው መጥተው ተመልሰዋል። ልጅቷንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እትዬ የሚያነጋግሩት ወላጁን ሳይሆን ልጅቷን ነው። የማገዶውን ነገር ግን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ በወር ስንት ሸክም እንደሚበቃ እኔና እሳቸው በአራት ዓመት ውስጥ ልንስማማ አልቻልንም።