«ባልሽን ይዘሽ ነይ» ላሉን ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ጉዳዩ የጓዳ ነው። በእኛ ዘንድ የጓዳ ነገር አደባባይ አይወጣም፤ ወንድ ሲያወጣው ደግሞ ይብሳል። ባለቤቴን አስፈቅጄ፣ ያልፈቀደችውን ትቼ ነው የምጽፈው። ጅማ ውስጥ አንዲት እናት ለቤታችን የዋሉትን ውለታ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። እንደኛ ግራ የገባቸው ባልና ሚስት ካሉም የት መሄድ እንዳለባቸው ይወቁ።

ሲስተር እላቸዋለሁ። መነኩሲት አይደሉም፤ ረጅም ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለባለትዳሮች ተፈጥሯዊ የቤተሰብ ምጣኔ ያስተምራሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለጠየቁኝ አልጽፍም።

እኔ ሹፌር ነኝ። በአይሱዙ ቡና ከጅማ ወደ አዲስ አበባ እጭናለሁ፣ ስመለስ የሱቅ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጭነት ጥበቃ አለ፣ ወረፋ አለ። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ አሥር ቀን ከቤት እርቃለሁ።

ሦስተኛ ልጃችን የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ከእሷ በፊት ያለውም እንደዚያው ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ በጣም አጭር ነው። ሐኪሙ ባለቤቴን «ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንዳታረግዢ» አላት። አነጋገሩ ምክር አይመስልም ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ነበር። ያኔ የምናውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ «14ኛዋን ቀን ብቻ ተጠንቀቅ፣ ሌላው ሰላም ነው» ብሎኝ በዚያ ነበር የምንሄደው። ሦስተኛዋ የመጣችው በዚያ ቆጠራ ነው። ልጄን እንደ ስህተት አይቻት አላውቅም፣ የቤታችን ደስታ ናት። ግን የእናቷ ቁስል በደንብ ሳይጠግግ ነው የተረገዘችው። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ኪኒንና መርፌ መጠቀም ደግሞ ሁለታችንም ህሊናችን አልተቀበለውም። ካቶሊክ ነን። ባለቤቴ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ ስለ ተፈጥሯዊው ዘዴ ስትጠይቅ «በዚህ ዘመን?» ብለው ሳቁባት። ቤት ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

ከዚያ ነው አባ ወደ ሲስተር የላኳት። መጀመሪያ የጠየቋት «ባልሽስ?» ብለው ነው። መንገድ ላይ ነው አለቻቸው። «እንግዲያው ሲመጣ ባልሽን ይዘሽ ነይ። ለብቻሽ አላስተምርሽም» አሏት። ስሰማ ተናደድኩ። የሴት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሕፃን ይዛ የመጣች እናትን እንዴት ይመልሷታል አልኩ። ቢሆንም ሄድኩ።

ገና ከመቀመጤ ጥያቄው የመጣው ወደ እኔ ነው። «አንተ ልጄ፣ የባለቤትህ የወር አበባ በስንት ቀን ነበር የሚመጣው?»

«በወር» አልኳቸው።

«በየትኛው ወር? መስከረምም ወር ነው፣ ጳጉሜም ወር ናት።»

መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ድሮ በግድግዳ ካላንደር ላይ ቀይ ነጥብ የማድረግ ልማድ ነበራት። ያንን አሮጌ ካላንደር አስመጥተው አብረን ቆጠርን። ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ቀጣዩ እስኪመጣ። አንዱ 25 ቀን፣ ሌላው 29፣ አንዱ 34 ሆነ። ስምንት ዓመት በትዳር አብራኝ የኖረችውን ሚስቴን አካል ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠርኩት።

ቀጥለው «ቡና መቼ ያብባል?» አሉኝ። ይህንንስ አላጣውም። ደረቁ ወቅት ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው፣ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ማሳው ነጭ ይለብሳል። አበባው ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ይረግፋል። «አየህ፣ አበባውን ካላንደር አይጠራውም፣ ዝናቡ ነው የሚጠራው። እግዚአብሔር በሴት አካል ውስጥም ምልክት አስቀምጧል» አሉ።

ምልክቱን በግልጽ ልጻፈው፤ ብዙ ባለትዳር የማያውቀው ይህን ነው። የወር አበባ ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ቀናት ይመጣሉ። ከዚያ ከማህፀን አንገት ፈሳሽ መታየት ይጀምራል። መጀመሪያ ወፈር ያለ፣ የሚጣበቅ ነው። እየቆየ የጠራ፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የሚለጠጥ ይሆናል። የሚያሟልጨው ስሜት የታየበት የመጨረሻው ቀን ጫፉ ነው። የሴቷ እንቁላል በዚያ አካባቢ ትወጣለች፣ የምትኖረውም ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን በዚያ ፈሳሽ ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ይህን ስሰማ የጓደኛዬ «14ኛዋ ቀን» ለምን ጉድ እንደሠራን ገባኝ። በዚያ ላይ ከእንቁላሏ መውጣት በኋላ እስከ ቀጣዩ የወር አበባ ያለው ጊዜ ነው ብዙም የማይለዋወጠው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ይረዝማል፣ ያጥራል።

ስለዚህ ልጅ ለማራራቅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ፈሳሹ ከታየበት ቀን ጀምሮ ይታገሳሉ። ጫፉ ካለፈ በኋላም ሦስት ቀን ይጨምራሉ፣ አራተኛው ቀን ነጻ ነው። ከፈሳሹ በፊት ባሉት ደረቅ ቀናትም ቢሆን ማታ ማታ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ቀን እየዘለሉ። አለበለዚያ ምልክቱ ከወንዱ ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ያጠኑት ሐኪሙ ጆን ቢሊንግስ ናቸው፣ በኋላ ሐኪም ባለቤታቸው ኤቭሊን ተቀላቀሏቸው። ባልና ሚስት መሆናቸው እኔን በጣም ደስ አለኝ።

ሲስተር ሙቀት መለካትም ጨምረውልናል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከአልጋ ሳትነሳ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የሰውነት ሙቀት በትንሹ ከፍ ይላል፣ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከፍ ካለ ጫፉ ማለፉን ያረጋግጣል። አንዴ ባለቤቴን ወባ ይዟት ቴርሞሜትሩ 38 አለ። ደውላ ስትነግራቸው «የዚህን ወር ሙቀት እርሺው፣ መጀመሪያ ታከሚ» አሏት።

እዚህ ላይ ነው ከሌላው የሚለዩት። የማይሆነውን አይሆንም ይላሉ። በመሳቢያቸው ውስጥ 32 ፍሬ ያለው የዶቃ ክር አለ። በየቀኑ አንድ ፍሬ እያሳለፉ ነው የሚቆጥሩት፣ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ድረስ ይታገሳሉ። ማንም የሚገባው ነገር ነው። እኔም «ይሄንን ስጡን» አልኩ። «ይህ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነች ሴት ነው። ባለቤትህ 25ም 34ም አላት። አይሆናችሁም» ብለው መለሱት። ለሚሆናት ሴት እንኳ ቁጥሩን አይደብቁም። በትክክል ከተጠቀሙበት በዓመት ከ100 ሴቶች 5ቱ፣ እንደ ሰዉ አጠቃቀም ከሆነ 12ቱ ያረግዛሉ ብለው ነገሩን። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ እንደማያድንም በግልጽ ይናገራሉ።

ልጃችን ያኔ ገና የሁለት ወር አራስ ስለነበረች የጀመርነው ከጡቱ ነው። ሦስት ነገር ከተሟላ ጡት ማጥባት ራሱ እርግዝናን ያዘገያል። ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ የእናቲቱ የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ካልቀመሰ። ሦስቱ ካሉ በእነዚያ ስድስት ወራት የሚያረግዙት ከ100 እናቶች 2 ያህሉ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ግን አለቀ፣ ሌላ ዘዴ መያዝ ያስፈልጋል።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ሕፃን በውሃ በስኳር ነው የሚያድገው ብላ ታምናለች። እኔ ብናገር አትሰማኝም፣ ባለቤቴማ እንዴት ብላ ትናገራለች። ሲስተር ራሳቸው ቤት መጡ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ስለ ጉዳዩ አላነሱም። ከዚያ እናቴን «እትዬ፣ እርስዎ ስንት ልጅ አጥብተዋል?» አሏት። እናቴ ስድስት አለች። «በየስንት ዓመቱ?» በየሦስት ዓመቱ አለች። «ታዲያ ያራራቃቸው ማን ነው? ጡትዎ አይደለም? ይህችም ልጅ እንደ እርስዎ እንድታጠባ ነው የምፈልገው» አሏት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕፃኗ ጠብታ ውሃ ሊያቀምስ የመጣ ዘመድ ከእናቴ ጋር ነው የሚጣላው።

ስለ እምነቱም ልናገር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1968 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የባልና ሚስት መገናኘት ሁለት ትርጉም እንዳለው አስተምረዋል። ሁለቱን አንድ ያደርጋል፣ ለሕይወትም ክፍት ነው። ሰው ሁለቱን መለያየት የለበትም። ነገር ግን ከጤና፣ ከአእምሮ ወይም ከኑሮ የመጣ ከባድ ምክንያት ካለ፣ ተፈጥሮ ራሷ ፅንስ በማትሰጥባቸው ቀናት መገናኘት ተፈቅዷል። እኔ ሲስተርን ሞገትኳቸው። «ልጅ እንዳይመጣ እስከተፈለገ ድረስ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩ። «ገበሬ ዝናብ በሌለበት ወር እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ማንን በደለ? በዘራው ማሳ ላይ ጨው ቢነሰንስ ግን ሌላ ነው» አሉኝ። ጨክነውም ተናገሩ። ለስስት ብላችሁ፣ ልጅ ጠልታችሁ ብትጠቀሙበት ይህም ኃጢአት ይሆንባችኋል አሉ። ስለዚህ በየወሩ እየተነጋገርን ነው የምንወስነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወሬ በቤታችን አልነበረም።

ቀላል ነው ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። አምና ህዳር ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆይቼ ገባሁ። ደክሞኛል፣ ናፍቄያለሁ። እራት ከበላን በኋላ ባለቤቴ ደብተሩን አመጣችው። የወር አበባው ቀን ቀይ ነው፣ ደረቁ አረንጓዴ፣ ፈሳሽ ያለበት ሳይቀለም ነጩን ይተዋል። የዚያ ቀን ሳጥን ነጭ ነበር። የትናንቱም ነጭ። ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልጆቹ ተኙ። እኛ ምድጃው ዳር እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብለን አወራን። እናቷ የሞተች ዕለት ምን እንዳየች ያን ሌሊት ነገረችኝ። በስምንት ዓመት ትዳር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ተኝተን ነበር የምናልፈው።

አሁን ወልቂጤ ምሳ ስቆም እደውላለሁ። «ዘነበ?» እላለሁ። «ገና እያካፋ ነው» ትለኛለች፣ ወይም «አባርቷል»። ረዳቴ ስለ ጅማ አየር ይመስለዋል።

ሲስተር ጋ የሚሄደው ካቶሊክ ብቻ አይደለም። ኦርቶዶክሶች አሉ። ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ባልና ሚስት ደግሞ የሄዱት ልጅ አጥተው ነው፤ ዘዴው ምቹውን ቀን አውቆ ልጅ ለመፈለግም ያገለግላል። እሷ ደብተሩን ለአራት ወር ከሞላች በኋላ ሲስተር አይተው «ይህ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው» ብለው ደብተሩን አስይዘው ወደ ስፔሻሊስት ላኳቸው። ሕክምና ላይ ናቸው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ሐኪሙ ያለው ሁለት ዓመት ባለፈው ሰኔ ሞላ። የባለቤቴ ጤና ተመልሷል። ሲስተርን ስንት እንክፈል ብላቸው ተቆጡኝ። አንድ ኪሎ ቡና ወስጄላቸው እሷን ብቻ ተቀበሉኝ፣ እሷንም ቆልተው ለተማሪዎቻቸው አፈሉባት። «ክፍያህ ሌላ ባልና ሚስት ማምጣት ነው» ብለውኛል።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለሚስቴ ጤና፣ ለልጆቼ እናት፣ ለእኔም ስላስተማሩኝ ሁሉ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። አለዚያም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ደብተር፣ ቀይና አረንጓዴ እርሳስ ያዙ። የድሮ ቀናችሁን የጻፋችሁበት ነገር ካለ እሱንም። ትምህርቱ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው። እህቶች፣ ባላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለብቻችሁ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።