ሩጫ ከፈለጋችሁ ቅዳሜን ሐይቅ ውረዱ

ደሴ ላይ ሩጫ ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከመሬቱ ጋር ነው። ከቤቴ ወጥቼ ወደ ቀኝ ብል ዳገት ነው፣ ወደ ግራ ብል ቁልቁለት። ቁልቁለቱም ሲመለሱ ያው ዳገት ነው። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ 43 ዓመቴ ነው። አምና ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ እንጂ» ሲለኝ፣ ለሰው የምሸጠውን ኪኒን እኔው ልውጠው ነው ብዬ ደነገጥኩና ስኒከር ገዛሁ። (የስኒከሩ ሶል በሦስተኛው ሳምንት ተላቀቀ። ሻጩን ብጠይቀው «ይሄ እኮ የመራመጃ ነው፤ የመሮጫ መች አልኩሽ?» አለኝ። በማስቲሽ አስለጥፌ እስካሁን እየሮጥኩበት ነው።)

ከዚያ ወዲህ አካባቢውን አዳርሼዋለሁ። የጦሳ ተራራን ታናሽ ወንድሜ በሳምንት ሁለቴ ይወጣዋል። እኔ አንድ ቀን ተከትዬው የመጨረሻውን ክፍል በእጄም ጭምር ነው የወጣሁት። ከላይ ሆኖ ደሴን ቁልቁል ማየት ደስ ይላል፤ ግን ሩጫ አይባልም።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሀረጎ መንገድስ? ለዓይን ከሆነ ወደር የለውም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ ቆማችሁ መቅረት ያምራችኋል። ችግሩ መቆሚያ የለም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከባድ መኪናው ከኋላም ከፊትም ይመጣል፣ የእግረኛው ድርሻ ደግሞ አንድ ክንድ ነው። ግማሹን ብቻ ወርጄ በሚኒባስ ተመለስኩ። በማግስቱ የቤቴን ደረጃ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር የምወርደው። ኮምቦልቻ ራሷ ሜዳ አላት፤ ነገር ግን በማለዳ ካልተነሳችሁ ሙቀቱ አይቻልም።

እናም ሐይቅ፤ የከተማውም የውሃውም ስም ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ እንወጣለን፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐይቅ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ልዩነቱን ሳንባዬ ከእኔ ቀድሞ ነው ያወቀው። ደሴ ላይ አሥር ደቂቃ ሮጬ የማለከልከውን ያህል ሐይቅ ላይ ሃያ ደቂቃ ሮጬም አላለከልክም።

ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አቅማችንም ሦስት ዓይነት ነው። ወንድሜ ጉልበተኛ ነው። እኔ መካከለኛ ነኝ፤ መካከለኛ ለመባልም አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ስድሳን ተሻግረዋል፣ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያ ቀን ልጃቸው «እማዬ፣ ከወጣት ጋር ምን ያንከራትትሻል?» ሲላቸው «አብሽር፣ ዓሣ ልበላ ነው» ብለው አልፈውታል።

የእትዬ መንገድ ከከተማው ወደ ውሃው የሚወርደውና በዳርቻው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው ነው። ሩጫ ሞክሮ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የሚያስጨንቅ ዳገት የለውም። መሬቱ አፈር ስለሆነ ጉልበት አይነርትም። በአንድ ወገን ውሃው ከጎናችሁ አይጠፋም፣ በሌላው ማሳ ነው። እትዬ የሚለኩት በሰዓት አይደለም። «እስከዚያች ሾላ» ይላሉ፤ እስከ ሾላዋ ዱብ ዱብ ይሉና እስከሚቀጥለው ዛፍ ይራመዳሉ። መድኃኒት ቤት ለሚመጡ ደንበኞቼ አሁን የምመክረው ይህንኑ የእሳቸውን ዘዴ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስኳር ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይሮጥ። እትዬ በኪሳቸው ሁልጊዜ ሦስት ተምር አለ።

ገዳሙ ጋ ስንደርስ እኔና እትዬ እንቆማለን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ የመሠረቱት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት። ዱሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከመሬቱ ጋር ተያይዟል። ሴት አይገባበትም። ወንድሜ አንድ ጊዜ ገብቶ ሲወጣ «እታለም፣ ሐይቅ ማለት ለካ በግእዝ የውሃ ዳርቻ ማለት ነው!» ብሎ መጣ። ባሕር የለንም ብለን ስንቆጭ፣ ዳርቻው በስሙ ተጽፎ ከአፍንጫችን ስር ተቀምጧል።

እትዬ ደግሞ ተረቱን የሚያወሩት እዚያው ቆመን ስንጠብቅ ነው። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች። እግዜር ተቆጥቶ አገሩን በሙሉ ውሃ አደረገው፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል። ይህን በነገሩን ቁጥር በሩን ቀና ብለው ያዩና «እሷ ዛሬ ብትመጣ ከእኛ ጋር ነበር የምትቆመው» ይላሉ። ይስቃሉ። ከዚያ ተሳልመው ወደ ኋላ ይዞራሉ።

የእኔ መንገድ ያው የእሳቸው ነው፤ ብቻ ሳላርፍ ሄጄ እመለስና እንደገና እደግመዋለሁ። መሰልቸት አለው ትሉ ይሆናል። የለውም። በመጀመሪያው ዙር ውሃው ግራጫ ነው፣ የታንኳ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። በሁለተኛው ፀሐይዋ ወጥታ አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ጊዜ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየሰበሰበ በአጠገቡ አለፍኩ፤ ስመለስ መረቡ ተዘርግቶ እሱ የለም፣ ሁለት ወፎች መረቡን ይመረምራሉ። እንዲህ እያየሁ ሰዓቴን ማየት እረሳለሁ።

ወንድሜ ይህ አይበቃውም። እሱ ሽቅብ ወደ አርዲቦ ነው የሚሮጠው። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ቁልቁል ወደዚህኛው ይፈስሳል። መንገዱ ዳገት ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ሰውም ያንሰዋል። ዘመም ባለ ቁርጭምጭሚት አይሞከርም። ለጠንካራ ሯጭ ግን የማይጠገብ ነገር እንደሆነ እሱ ይምላል። እኔ በባጃጅ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ፀጥታው ከሐይቅም ይብሳል።

አሁን ወቀሳው። ሐምሌና ነሐሴ አትምጡ፤ ዳርቻው ይጨቀያል፣ ጫማችሁን ጭቃው ያስቀረዋል። ቀጭኗ መንገድ አንዳንዴ ደንገሉ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ያኔ ወደ ማሳው ጥሳችሁ አትግቡ፣ ተመለሱ፤ ገበሬው ዘርቶበታል። የእረኛ ውሾች አሉ፤ መሮጥ አቁማችሁ ከተራመዳችሁ ይተዋችኋል። ልጆቹ ደግሞ «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ይከተሏችኋል፤ መጀመሪያ ያሳፍራል፣ በኋላ ፍጥነት ይጨምራል። ልብስ መቀየሪያም መጸዳጃም በመንገዱ የለም። ውሃ ዳር ያለ አንድ ቤት «መጸዳጃ ለመጠቀም ምሳ ማዘዝ ግድ ነው» ብሎን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ምሳ አዘዝን። ሒሳቡ ሲመጣ ያልጠጣነው ሦስት ለስላሳ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ደጃፍ አልደረስንም።

ላቤን ልታጠብ ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ። የውሃው ጥልቀት እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ዳሩ ጥልቅ ባይመስልም አትመኑት።

ዓሣው ግን ካሳ ነው። ከተማው ውስጥ፣ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ባለው ቤት፣ ሙሉ ቆሮሶ ጎን ጎኑን ተተልትሎ ይጠበስና ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ይመጣል። ትልትሉ ውስጥ ጨው የገባበት ሥጋ ከአጥንቱ ላይ በጣት ሲነሳ እንደ ገጽ ይገለጣል። እትዬ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው ከሳህኑ ጠርዝ ይደረድራሉ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ እኔ ይገፉታል፤ «ብዪ፣ ሁለቴ የዞርሽው አንቺ ነሽ።»

ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሹ ነበር። የተኙ መስሎኝ መስኮቱን ልዘጋ ስል ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በሚቀጥለው እስከ ሁለተኛዋ ሾላ ሳላርፍ ነው» አሉ። ወንድሜ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ «እትዬ፣ ከዚያ አርዲቦ ነው» ሲላቸው በጫማቸው ትከሻውን መቱት።