የቪትዝ አርኤስ ፍሬን፦ ትልቅ ዲስክ ወይስ የተሻለ ሸራና ዘይት?

በባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳናዎች ለሚነዳ ቪትዝ አርኤስ (የቶዮታ ቪትዝ ስፖርታዊ ዓይነት) የፋብሪካው ፍሬን ይበቃል፤ ጥያቄው የሚነሳው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚዘቀዝቀው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ነው። ትልቅ ዲስክና ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሙቀትን በተሻለ ይሸከማሉ፤ ሆኖም ክብደት ይጨምራሉ፣ በትንሽ ቸርኬ ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ፣ ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ካልያዘም የመቆሚያ ርቀቱን አያሳጥሩም። በአንጻሩ ሙቀት የሚቋቋም ሸራና ዶት 4 የተባለ ደረጃ ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት ወጪያቸው ቀላል ነው። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ከጣና ዳር አየር ጭምር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን ይህ ልክ ወደ 155 ሊወርድ ስለሚችል፣ በቁልቁለቱ አጋማሽ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ እግር ሥር ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ለውድድር ካልሆነ ሁለተኛውን አማራጭ እመርጣለሁ፤ ፍሬኑን የሚያግዘው በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።