ከባዝል እስከ ሚላኖ በሐዲድ፦ ለባቡርና ለትራም ወዳጆች የተዘጋጀ የቡድን ጉዞ ግምገማ

በአውሮፓ ለባቡርና ለትራም ወዳጆች ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ የቡድን ጉዞ እንዳለ የሚያውቅ ወገን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ዋጋውን ሲሰማ «ባቡር ለመሳፈር ይህን ያህል ገንዘብ?» ብሎ ይተወዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ማንም ሰው ጣቢያ ሄዶ ቲኬት ቆርጦ እነዚህኑ መስመሮች በራሱ ሊያያቸው ስለሚችል፣ ለአስጎብኚ ድርጅት የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝ በግልጽ መታወቅ አለበት። ይህን የምጽፈው ከስዊዘርላንዷ ባዝል ተነሥቶ በዙሪክ፣ በፉርካ ተራራ፣ በኩር ከተማና በቤርኒና ተራራ አልፎ ጣሊያን ውስጥ ሚላኖ ላይ በሚያበቃ የዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ ከተሳተፍሁ በኋላ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምለው ነገር ግን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሸጡትን ሁሉ ለመመዘን ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጉዞው የተሠራው ከሁለት ዓይነት ቀኖች ነው። በአንደኛው ዓይነት ቀን ቡድኑ ማንም በሚሳፈርበት መደበኛ ባቡር ተሳፍሮ ማንም የሚያየውን ያያል፤ በዚያ ቀን ለድርጅቱ የተከፈለው ገንዘብ ቲኬት ከመቁረጥና ሆቴል ከመፈለግ ድካም ከማሳረፉ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። በሁለተኛው ዓይነት ቀን ግን ቡድኑ አሮጌ ትራም ወይም ባቡር በኮንትራት ይዞ ይወጣል፣ ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ ዴፖ (የባቡሮች ማደሪያና መጠገኛ) ውስጥ ይገባል፣ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ባቡሩ ሆን ተብሎ ይቆምለታል። ይህን አንድ ሰው ለብቻው ልክፈል ቢል ዋጋው አይቀመስም፤ ብዙ ሰው ሲካፈለው ግን ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲቀርብልዎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ብቻ አይመልከቱ፤ ከቀኖቹ ውስጥ የሁለተኛው ዓይነት የሆኑት ስንቶቹ እንደሆኑ ይቁጠሩ።

ባዝልና ዙሪክ ላይ ብዙ አልቆይም። ባዝል ስዊዘርላንድ ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር በምትዋሰንበት ጥግ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ትራሞቿ ድንበር ይሻገራሉ፤ 8 ቁጥር ከ2014 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ እስካለችው ቫይል አም ራይን፣ 3 ቁጥር ከ2017 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ እስካለችው ሴን ሉዊ ይሄዳሉ፤ 10 ቁጥር ደግሞ ሌመን የምትባለውን የፈረንሳይ መንደር አቋርጦ ተመልሶ ስዊዘርላንድ ይገባል። ይህን ሁሉ በተራ የከተማ ቲኬት ማየት ይቻላል፤ አስጎብኚ አያስፈልገውም። ዙሪክ ውስጥ ቡርግቪስ የተባለው ሰፈር ያለው የትራም ሙዚየምም እንዲሁ በራስ ሄዶ የሚታይ ነው። በእኔ አስተያየት ድርጅቱ እነዚህን ሁለት ከተሞች አሳጥሮ ጊዜውን ለፉርካ መስጠት ነበረበት።

የፉርካው ቀን ብቻውን ጉዞውን ያስመሰግነዋል። በሬያልፕና በኦበርቫልድ መካከል ተራራውን የሚያቋርጠው ይህ መስመር በረዶና የበረዶ ናዳ ስለሚበዛበት ክረምት ክረምት ይዘጋ ነበር። በ1982 ከሥሩ 15.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ሲከፈት የላይኛው ሐዲድ ተተወ። ሐዲዱ ተነቅሎ እንዳይጠፋ የተነሡ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በበጎ ፈቃድ ጉልበትና በልገሳ ገንዘብ ከ1992 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጠገኑ መልሰው ከፈቱትና በ2010 እስከ ኦበርቫልድ አደረሱት። ዛሬም በአውሮፓ በጋ ወራት በላዩ የእንፋሎት ባቡር የሚያስኬዱት በብዛት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሽቴፈንባህ በተባለው ሸለቆ ላይ ያለው ድልድይ የበረዶ ናዳ እንዳይወስደው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይታጠፋል፣ በጋ ሲቃረብ ደግሞ ተመልሶ ይዘረጋል። የሎኮሞቲቮቹ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ በ1913 እና በ1914 ቪንተርቱር ውስጥ ተሠርተው እዚሁ ሲያገለግሉ ከቆዩት አንዳንዶቹ፣ መስመሩ በኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ በኋላ በ1947 ለቬትናም ተሽጠው የዳላትን ተራራ ሲወጡ ኖረዋል። በ1990 የማኅበሩ ሰዎች እዚያው ድረስ ሄደው አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች ጭነው ወደ አገራቸው መለሷቸው።

በዚህ መስመር ላይ ቁልቁለቱና ዳገቱ በአንዳንድ ቦታ በ1000 ሜትር 118 ሜትር ስለሚደርስ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ ባለ ጥርስ ሐዲድ ተነጥፏል። ባቡሩ ወደዚያ ክፍል ሲደርስ እንደ ቆመ ያህል ይቀንስና የሎኮሞቲቩ ጥርስ ከሐዲዱ ጥርስ ጋር ሲገጥም ከወለሉ ሥር ድምፁ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ላይ ድረስ በእያንዳንዱ የእንፋሎት ምት ፉርጎው ከኋላ እንደ ተገፋ ሆኖ ይሰማል። እሳት አንዳጁ በየጣቢያው ወርዶ ዘይት የሚያጠጣበትን ባለ ረጅም አንገት ማሰሮ ይዞ እያንዳንዱን የመገጣጠሚያ ክንድ በእጁ እየዳሰሰ ሙቀቱን ሲለካ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይፈቀዳል። ባቡሩ በኮንትራት የተያዘ ስለነበር ከላይኛው ጣቢያ ላይ ወረድን፤ ባቡሩ ወደኋላ ተመለሰና ሁላችንም ገመድ በተሳበበት መስመር ጀርባ ተሰልፈን ሳለ በሙሉ እንፋሎት እንደገና መጥቶ በፊታችን አለፈ። የባቡር ወዳጆች ጉዞ ከተራው ጉብኝት የሚለየው በዚህ ነው። አስጎብኚያችንም እዚህ ላይ ተመሰገነ፦ ማን የት እንደሚቆም፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሆን አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር አንዱ የሌላውን ፎቶግራፍ አላበላሸም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሳበው የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ፉርካም፣ ከኩር በኋላ የሚመጡት የአልቡላና የቤርኒና መስመሮችም፣ የባዝልና የዙሪክ ትራሞችም የሚሄዱት አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የቀድሞው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመራችንም ስፋቱ ይኸው ነበር። በ1894 ለዚያ መስመር ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ያገኘው አልፍሬድ ኢልግ ፍራውንፌልድ ተወልዶ ዙሪክ የተማረ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ ከጉዞ ጓደኞቼ መካከል ስለ ድሬዳዋ የጥገና ማዕከል የጠየቁኝ ነበሩ፤ እዚያ ያሉትን አሮጌ ሎኮሞቲቮችና የጥገና ማሽኖች ለማየት ገንዘብ ከፍለው እንደሚመጡ ስሰማ ደስ ብሎኛል፣ ተቆጭቻለሁም። ጣሊያኖች የሠሩትን የአስመራ ምጽዋ መስመር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው ጠግነው ካስነሡት በኋላ፣ የእንፋሎቱን ባቡር በኮንትራት ይዘው ለመሄድ እንደነዚህ ያሉ ቡድኖች ከአውሮፓ ሲመጡ ኖረዋል። ድሬዳዋም ይህን ዕድል ማግኘት ይገባታል፤ የሚያስፈልገው ሎኮሞቲቮቹን ከዝገት መጠበቅና ለጎብኚ በሥርዓት መክፈት ነው።

ከኩር ጣሊያን ውስጥ እስካለችው ቲራኖ ከሚወስደው መንገድ፣ ከቱዚስ ከተማ እስከ ቲራኖ ያለው ክፍል በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ውበቱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። በ1903 የተከፈተው የአልቡላ መስመር ከበርጉን እስከ ፕሬዳ ድረስ፣ በቀጥታ ቢለካ ስድስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ማለት ስላለበት፣ በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠመዘዘ ከገባበት በላይ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ያለፈበትን ሐዲድ ቁልቁል ያየዋል። ላንድቫሰር ድልድይ 65 ሜትር ከፍታ ኖሮት በ100 ሜትር ሬዲየስ እየታጠፈ በቀጥታ ወደ ገደሉ ዋሻ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቤርኒና መስመር፣ ባለ ጥርስ ሐዲድ ሳይኖረው በ1000 ሜትር 70 ሜትር እየወጣ 2253 ሜትር ላይ ይደርስና 429 ሜትር ላይ ወዳለችው ቲራኖ ይወርዳል። ብሩዚዮ ላይ ባለው ክብ ድልድይ ባቡሩ ራሱን ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል፤ ቲራኖ ከተማ ሲገባም በመንገዱ መሐል ከመኪናዎቹ ጋር እየተጋፋ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይሄዳል።

ድርጅቱን የምወቅሰው ግን እዚሁ ላይ ነው። ለዚህ ክፍል የተያዘልን ቦታ ትልልቅ መስኮት ያለው የጎብኚዎች ባቡር ነበር። መስኮቱ አይከፈትም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የውስጡን ሰው ከነወንበሩ ስለሚያንጸባርቅ ጥሩ ፎቶግራፍ አይወጣበትም። የባቡር ወዳጅ የሚመርጠው የአካባቢው ሰው የሚሳፈርበትን መደበኛ ባቡር ነው፤ በዚህ ላይ መስኮታቸው የሚከፈት አሮጌ ፉርጎዎች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፣ በበጋም ጣሪያ የሌላቸው ቢጫ ፉርጎዎች አንዳንድ ጊዜ ይቀጠሉበታል። በየጣቢያው ወርዶ በሚቀጥለው ባቡር መከተልም ይቻላል። ለባቡር ወዳጆች ጉዞ አዘጋጃለሁ የሚል ድርጅት ይህን ሳያውቅ ይቀራል ብዬ አላምንም፤ ሠላሳ ሰውን በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ስለሚቀልለው የመረጠው ይመስለኛል። በራሳቸው የሚሄዱ ሰዎች ከኩር ወደ ደቡብ ሲጓዙ በቀኝ በኩል ቢቀመጡ ላንድቫሰርን አሳምረው ያዩታል።

ሚላኖ ላይ ደግሞ ድርጅቱ ይህን ጉድለቱን አካክሷል። ከ1928 እስከ 1930 የተሠሩት ቬንቶቶ የሚባሉት ትራሞች ቁጥራቸው ከ500 በላይ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡት አሁንም በየቀኑ ሕዝብ እያመላለሱ ናቸው። ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ሠራተኛውን ወደ ሥራው፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ሲያደርስ ማየት በጣም ያስደስታል። እኛ ከእነዚህ አንዱን ከሰዓት በኋላ በኮንትራት ይዘን ከተማውን ዞርን። በሁለቱም ጎን ለጎን የተዘረጉት የእንጨት አግዳሚዎች የስንት ትውልድ ልብስ አሽቷቸው እንደ መስታወት ለስልሰዋል፤ መብራቶቹ ከጣሪያው ላይ በብርጭቆ ሽፋን ተንጠልጥለዋል። ነጂው ትራሙን የሚያስነሣውና ፍጥነቱን የሚጨምረው የብረት እጀታ በማዞር ነው፤ እጀታው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ሞተሩም ከዚያ ጋር ቃናውን ይለውጣል። ቀስ ብሎ ሲቆም የአየር ፍሬኑ ይተነፍሳል። እዚህ ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ 1445 ሚሊ ሜትር፣ ከተለመደው 1435 በ10 የሚበልጥ። ማታ ነፃ ስለነበርን እኔ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ እንጀራ በላሁ፤ ድርጅቱ ካዘጋጀው የሆቴል እራት እጅግ ይሻል ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ገንዘብ ነው። በፕሮግራሙ ላይ በግልጽ የተጻፈ አንድ የዴፖ ጉብኝት በዋዜማው ተሰረዘ፤ ምትክ አልተሰጠም፤ ገንዘብ ይመለስ ብለን ስንጠይቅ «ፕሮግራሙ ሊለወጥ ይችላል ተብሎ ተጽፏል» የሚል መልስ ብቻ አገኘን። ይህ መልስ ሊያሳምን አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጥቅል ጉዞን የሚመለከተው፣ ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ የተከፈለበት አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር ተጓዡ የዋጋ ቅናሽ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ አዘጋጁ ዋጋውን ከመነሻው ቀን በፊት ከ8 በመቶ በላይ ቢጨምርም ተጓዡ ያለ ቅጣት ውሉን የመሰረዝ መብት አለው፤ ድርጅቱ ቢከስርም የከፈለው እንዲመለስለት ዋስትና መኖር አለበት። ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ይጠይቁ፤ ጉብኝት ከተሰረዘም እዚያው ሳሉ ቅሬታዎን በጽሑፍ ይስጡ፤ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ክብደቱ ይቀንሳል። ለብቻ ክፍል የሚያድር ሰው የሚከፍለው ተጨማሪም ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ ተጠይቆ መታወቅ አለበት።

መግለጫው ሁሉ በጀርመንኛ ሲሆን የእንግሊዝኛው ትርጉም አጭርና የተቆራረጠ ነበር። የጉዞ ጓደኞቼ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባቡር ሲያጠኑ የኖሩ፣ የጠየቋቸውን ሁሉ በደስታ የሚያስረዱ ሰዎች ናቸው፤ ከአስጎብኚው ይልቅ ከእነሱ ብዙ ተምሬአለሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ ስላለች አንዱ ቪዛ ለሁለቱም አገር ይበቃል። ልጆች ይዘው ለሚሄዱ ግን ይህን ጉዞ አልመክርም፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብርድ ላይ ቆሞ መጠበቁም ይበዛል። ፉርካንና የሚላኖን ትራም በኮንትራት የሚያካትት ፕሮግራም ከተገኘ ገንዘቡን ይክፈሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ከሌሉበት ቲኬትዎን ራስዎ ቆርጠው በመደበኛው ባቡር ይሂዱ።