ቪአር ከጌሚንግ ላፕቶፕ፦ ኬብል ልግዛ፣ ራውተር ልግዛ ወይስ ምንም አልግዛ?

ሜታ ኩዌስትን፣ ማለትም ዓይን ላይ የሚደረገውን የቪአር (የምናባዊ እውነታ) ሄድሴት፣ ከጌሚንግ ላፕቶፕ ጋር ያገናኘ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር የምስል መቆራረጥ ነው። እጃችሁን ስታነሱ ጌሙ ውስጥ ያለው እጅ ዘግይቶ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ብዙ ሰው ወዲያው ሄድሴቱን ወይም ላፕቶፑን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁም እዚያ ላይ ይሁን።

የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ ለዚህ ችግር አይረዳም። ጌሙ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ምስሉ ከላፕቶፑ ተነስቶ ሄድሴቱ ጋ የሚደርሰው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። «ዩቲዩብ ጥሩ ይሠራል፣ ቪአር ብቻ ነው የሚቆራረጠው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ቪዲዮ ቀድሞ ስለሚጠራቀም ዋይፋዩ ለሁለት ሰከንድ ቢጠፋም ላይታወቅ ይችላል። ቪአር የሚያጠራቅመው ነገር የለውም፤ ጭንቅላታችሁን ወዴት እንደምታዞሩ ቀድሞ አያውቅማ። በ90 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ምስል ሲታይ፣ አንድ ምስል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዋይፋዩ ለ50 ሚሊሰከንድ ቢዘናጋ አራት አምስት ምስል አለፈ ማለት ነው።

ሳትገዙ ሞክሩ

ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ሲ ኬብል ፈልጉ፤ የስልካችሁም ሊሆን ይችላል። ሄድሴቱን ላፕቶፑ ላይ ሰኩና በሜታ ሊንክ (ሄድሴቱን ከላፕቶፑ ጋር በሚያገናኘው የሜታ ሶፍትዌር) ያንኑ ጌም ክፈቱ። በኬብል ከተስተካከለ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። በኬብልም ከተንቀራፈፈ ግን ራውተር አትግዙ፤ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ መጀመሪያ ቻርጀሩ መሰካቱን እዩ። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል በጣም ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ጌሙ ወዲያው የሚጎተተው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ግራፊክሱን ተመልከቱ። ብዙ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ደካማው፣ ሌላው ለብቻው ያለው ጠንካራው። ዊንዶውስ የግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌሙም የቪአር ሶፍትዌሩም በጠንካራው እንዲሠሩ ምረጡ። ሙቀትም አለ። ሲጀመር ጥሩ ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጎተት ካመጣ፣ ላፕቶፑ ሞቆ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ አታስቀምጡት፤ ከኋላው ከፍ አድርጉት። ሄድሴቱንም ወደ 72 ኸርዝ አውርዱና ሞክሩ።

ኬብል

ተቀምጠው ለሚጫወቱ፣ ማለትም ለመኪና እሽቅድድምና ለአውሮፕላን ሲሙሌተር ወዳጆች፣ ከኬብል ሌላ አልመክርም። ጎረቤት ስንት ዋይፋይ ቢኖረው አይመለከተውም። ዩኤስቢ 3 በሰከንድ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ዩኤስቢ 2 ደግሞ 480 ሜጋቢት። ሊንክ በሁለቱም ይሠራል፣ ግን ከገዛችሁ አይቀር 5 ሜትር የሚሆን ዩኤስቢ 3 ግዙ። የሜታው ኬብል ፋይበር ኦፕቲክ ሲሆን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የሌላ ፋብሪካ ጥሩ ኬብልም ሥራውን ይሠራል።

ድክመቱ ባትሪው ላይ ነው። ተራ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ የሚሰጠው 4.5 ዋት ነው፤ ሄድሴቱ ሲሠራ የሚፈልገው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። ረጅም ሰዓት የምትጫወቱ ከሆነ ለቻርጀር ሌላ ቅርንጫፍ ያለው ኬብል ምረጡ። በሃብ (በዩኤስቢ ማባዣ) በኩል አትሰኩ። ግንኙነቱ በድንገት የሚቋረጥ ከሆነም ኬብሉን ከመጣላችሁ በፊት፣ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ የዩኤስቢ መሰኪያዎችን እንዳያጠፋ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ከልክሉት።

ቆመው፣ ዞረው፣ ዘለው ለሚጫወቱ ግን ኬብል እግር ላይ ይጠመጠማል። ለእነሱ ዋይፋይ ነው።

የቤቱ ራውተር፣ ሆትስፖት ወይስ የብቻ ራውተር?

ላፕቶፑም ሄድሴቱም በቤቱ ዋይፋይ ሲገናኙ እያንዳንዱ ምስል አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። መጀመሪያ ከላፕቶፕ ወደ ራውተር፣ ከዚያ ከራውተር ወደ ሄድሴት። ሁለቱም ጉዞ ብዙ ጊዜ በአንድ ቻናል ላይ ተራ እየጠበቀ ነው። የቤተሰቡ ስልክና ቲቪ ሲጨመር ውጤቱን ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ይበቃል። ላፕቶፑ የኔትወርክ መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር ጊጋቢት አዳፕተር አለ። ብቻ የራውተሩ መሰኪያ ጊጋቢት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ አሮጌ ራውተሮች 100 ሜጋቢት ላይ ያቆማሉ፤ ኤር ሊንክ (ያለ ኬብል የሚሠራው የሜታ ሊንክ) ደግሞ እስከ 200 ሜጋቢት ሊጠቀም ይችላል።

የላፕቶፑ ሆትስፖት ነፃ ስለሆነ በ5 ጊጋኸርዝ ሞክሩት። ምስሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጓዘው። ነገር ግን የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ በየጊዜው ሌላ ኔትወርክ መፈለግ ይወዳል። በሰዓት የተለካ የሚመስል፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚመጣ መቆራረጥ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ እኔ ግን አልተማመንበትም።

ገንዘብ ማውጣት ከቻላችሁ ለቪአር ብቻ የሚሆን ራውተር ግዙ። ዋይፋይ 6፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ጊጋቢት መሰኪያ። ይኸው ነው። ላፕቶፑ በኬብል ይገባል፣ ሄድሴቱ ብቻውን በ5 ጊጋኸርዝ ይገናኛል፣ ሌላ ማንም አይገባበትም። የምትጫወቱበት ክፍል ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። ከቤቱ ራውተር ጋር በኬብል ከተያያዘ ኢንተርኔትም ያገኛል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ የቻናሉን ስፋት 80 ሜጋኸርዝ፣ ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባለው አድርጉ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር ያገኘ ሲመስለው ቻናሉን ለቆ ይሄዳል፣ ጌሙም ይቋረጣል።

6 ጊጋኸርዝ የሚጨምረውን ዋይፋይ 6ኢ መግዛት ትርጉም ያለው ሄድሴቱ 6 ጊጋኸርዝ የሚችል ከሆነ ነው። ኩዌስት 3 እና 3ኤስ ይችላሉ። ኩዌስት 2 አይችልም፤ ለእሱ 6ኢ መግዛት ብር መጣል ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩና የጎረቤት ዋይፋይ 5 ጊጋኸርዙን የሞላባችሁ ግን ልዩነቱ ይታያችኋል፤ 6 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ስለሚከብደው የጎረቤቱ ብዙም አይደርስባችሁም። የዋይፋይ ማራዘሚያ ግን ለዚህ ሥራ በፍጹም አትግዙ፤ መሃል ላይ ሌላ ጣቢያ ይጨምርባችኋል።

ዲሊንክ በ2022 ለኩዌስት ያወጣው ቪአር ኤር ብሪጅ የሚባል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃም አለ። ላፕቶፑን ይዞ ለሚዞር ሰው ይመቻል። ቤት ለሚጫወት ግን ራውተሩ ይበልጣል።

ሶፍትዌሩስ?

ኤር ሊንክ ነፃ ነው። በ2023 መጨረሻ ለኩዌስት የወጣው ስቲም ሊንክም ነፃ ነው። ጌሞቻችሁ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫው) ላይ ከሆኑ ከስቲም ሊንክ ጀምሩ። ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚባል መተግበሪያ በገንዘብ ነው፣ እኔ ግን ለእሱ መክፈል ይገባል እላለሁ። መዘግየቱ ከጌሙ፣ ምስሉን ከመጭመቅ፣ ከኔትወርኩ ወይስ ከሄድሴቱ እንደመጣ ለይቶ በቁጥር ያሳያል። የኔትወርኩ ቁጥር ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ረግቶ ከቆመ ዋይፋዩን ተዉትና ላፕቶፑን ፈትሹ። ስትገዙት ሄድሴቱ ውስጥ ካለው የሜታ ስቶር ግዙ። ስቲም ላይ በዚያው ስም የሚሸጠው ለዚህ አይሆናችሁም። ኤቪ1 የሚባለው ኮዴክ (ምስሉን የመጭመቂያ ዘዴ) ኩዌስት 3 ወይም 3ኤስ ይፈልጋል፤ ከኤንቪዲያ ደግሞ አርቲኤክስ 40 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ካርድ። ሌሎቻችሁ ኤችኢቪሲ የሚባለውን ኮዴክ ምረጡ፣ ከተቆራረጠም ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) ቀስ በቀስ አውርዱ።

ራውተሩን አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ የአዳፕተሩ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆኑን እንዲያይላችሁ ንገሩት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል።