የነርስ አፕግሬድ በሐዋሳ፦ መደበኛው ወይስ የቅዳሜና እሁዱ?

ሌቭል 4 ነርሲንግ (የነርስ ዲፕሎማ) ጨርሰው፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) አልፈው፣ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ጥቂት ዓመት የሠሩ ልጆች ስለ አፕግሬድ (ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ማደግ) የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዲግሪውን ቶሎ መያዝ እፈልጋለሁ፤ መደበኛ ይሻለኛል ኤክስቴንሽን (የቅዳሜና እሁዱ)?» መልሴ መደበኛው ይሻላል ነው። ኤክስቴንሽን የሚሻለውም ሰው አለ፤ ግን ቁጥሩ ኮሌጆቹ በባነር ከሚያስመስሉት በጣም ያነሰ ነው። «በአንድ ዓመት ዲግሪ» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ንጽጽር ውስጥም አይገባም፤ ስልኩን ዝጉት።

ይህ ሁሉ ቀድሞ ነርስ ለሆነ ሰው ነው። 12ኛን ጨርሶ 50 በመቶውን ያመጣ ልጅ ቀጥታ የአራት ዓመቱን ዲግሪ ይግባ። ሌቭሉ አቋራጭ ይመስላል እንጂ የሌቭሉ ዓመታት፣ የሥራ ልምዱና አፕግሬዱ ሲደመሩ መንገዱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ወደ ዋጋው። «ክሬዲቱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ መመለስ ያስበላል። አንዱ ኮሌጅ በክሬዲት አወር ያስከፍላል፣ ሌላው በኢሲቲኤስ (የትምህርቱን ጫና የሚቆጥር ሌላ መለኪያ)፤ መስኮቱ ላይ ግን ሁለቱም «ክሬዲት» ተብለው ነው የሚጠሩት። በእኛ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ክሬዲት አወር ወደ 1.67 ኢሲቲኤስ ነው። ለምሳሌ አንዱ 900 ብር፣ ሌላው 600 ብር ቢላችሁ 600ው የረከሰ ይመስላል። 120 ኢሲቲኤስ በ600 ሲባዛ 72,000 ብር ነው። ያው ትምህርት ወደ ክሬዲት አወር ሲቀየር 72 ገደማ ይሆናል፤ በ900 ሲባዛ 64,800 ብር። 7,200 ብር ልዩነት፣ ያውም «ውድ» ለተባለው በማድላት። ቁጥሮቹን ለስሌት ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የዘንድሮውን ዋጋ ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ተቀበሉና በዚሁ መንገድ አባዙት።

ባነር ላይ የማይጻፉት ክፍያዎች ደግሞ አሉ። በየሴሚስተሩ ምዝገባ፣ የስኪል ላብ (የተግባር ክፍል) ዕቃ፣ ለአታችመንት (በሆስፒታል ለሚደረግ የተግባር ልምምድ) ሆስፒታሉ የሚጠይቀው፣ የኮሚዩኒቲ ፊልድ ትራንስፖርት፣ የሪሰርች አማካሪ፣ የተደገመ ኮርስ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ የምርቃት ጋውን። እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል፤ ሲደመር ግን የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ሊያህል ይችላል። ሁሉም ዝርዝር ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ይሁን። አብሮ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ነባር ተማሪን ይነካል ወይስ በገባበት ዋጋ ይጨርሳል? «እሱን ያኔ እናየዋለን» ከተባላችሁ ይነካል ማለት ነው።

ደመወዙን በሐቀኝነት እንየው፤ ኤክስቴንሽን የሚያሸንፈው እዚህ ነውና። በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሥራ ለቆ 24 ወር ቢማር 216,000 ብር አጣ ማለት ነው። ይህን የትኛውም የክሬዲት ቅናሽ አይሞላውም። ሆኖም መደበኛ መግባት ሁልጊዜ ሥራ መልቀቅ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ በመጀመሪያ የምታንኳኩት በር የወረዳችሁ ወይም የሆስፒታላችሁ የሰው ሀብት ቢሮ ነው። በመሥሪያ ቤት ውል የሚማር ሰው ደመወዙ ሊቀጥልለት ይችላል፤ በምላሹ ተመልሶ ማገልገል ግዴታው ነው። ውሉን ስትፈርሙ የግዴታውን ዓመት፣ ኮርስ ብትወድቁ የሚቆጠርባችሁን ዕዳና የዋሱን ኃላፊነት አንብቡ። የግል ሆስፒታል የሚሠራ ደግሞ የሌሊት ዲዩቲ (ተራ) ብቻ እንዲሰጠው ይደራደራል። በሳምንት ሁለት ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር አለ፤ ሦስት ሌሊት ሲሆን ግን ጠዋት ክፍል ገብቶ መተኛት ይጀመራል።

ታዲያ ይህን ያህል ዋጋ እያለው መደበኛውን የማስቀድመው ለምንድን ነው? በአታችመንት ምክንያት ነው። ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ገብታችሁ እዩ። ተመላላሽ ክፍሉ ዝግ ወይም ቀዝቃዛ ነው። የክትባትና የእርግዝና ክትትል ክፍሎች አይሠሩም። በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ጥገና የለም፤ ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) የሚገባው ድንገተኛ ብቻ ነው። የጠዋቱ ራውንድ (የሐኪሞች ዙር ጉብኝት) ይሳሳል፣ ዋርዱ ላይ ያለው ተረኛው ብቻ ነው፣ እሱም ለተማሪ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አታችመንት የሚወጣ ተማሪ ሎግ ቡኩ (የልምምድ መዝገቡ) ላይ «ስክራብ አድርጌአለሁ (ቀዶ ጥገና ላይ አግዣለሁ)፣ 20 እናቶችን ተከታትያለሁ» ተብሎ ይፈረምለታል፤ እጁ ግን አያውቀውም። ጉድለቱ የሚወጣው ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ላይ ወይም አዲሱ መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛሙን ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ የለም፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚሰጠው በዓመት ሁለት ዙር አካባቢ በመሆኑ አንድ መውደቅ ግማሽ ዓመት በዲፕሎማ ደመወዝ መቆየት ማለት ነው። ኤክስቴንሽኑን ያረከሰው ሒሳብ ውስጥ ይህን ማንም አይደምርም።

ኤክስቴንሽን የሚሻለው ማን ነው? ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ በተለይ ሜዲካል፣ ሰርጂካል ወይም ህጻናት ዋርድ ላይ የሚሠራ ነርስ። እሱ የሚያስፈልገው ቲዎሪው ነው፤ ዋርዱን በየቀኑ እያየው ነው። ሁለተኛው፣ ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ሆኖ አታችመንቱን ግን በሥራ ቀናት፣ በተከታታይ ሳምንታት የሚያወጣ ኮሌጅ ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ካገኛችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን ለእሱ አስቀምጡ፤ መደበኛ ካልሆነላችሁ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው። ጤና ኬላ ወይም አልጋ የሌለው ክሊኒክ የሚሠራ ሰው ግን በቅዳሜና እሁድ ብቻ መማር የለበትም፤ ሁለቱም በኩል ባዶ ይሆንበታል።

ስለ ኮሌጁ ፈቃድ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነውና። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋና ካምፓስ ነርሲንግ ስለተፈቀደለት የሐዋሳው ወይም የአዳማው ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ለመደበኛ የተፈቀደ ለኤክስቴንሽን ላይሠራ ይችላል። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ቅጂ አትመኑ፤ ቅጂ ላይ ቀን መቀየር የአንድ ኮምፒውተር ቤት ሥራ ነው። የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻ፣ መደበኛ ይሁን ኤክስቴንሽን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉና ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ሌላው ወጥመድ የራሳችሁ ወረቀት ነው። የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ አራት ሴሚስተር ከፍሎ በመጨረሻ ማስረጃው ሲጣራ ይወድቃል። «ሲኦሲው በኋላ ይደርሳል» ወይም «የሥራ ልምዱን እኛ እናስተካክላለን» የሚል ሬጅስትራር ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም።

ኮሌጁ ሆስፒታሉ ጋር ያለውን ስምምነትም ከኮሌጁ አትጠይቁ። ሐዋሳ ውስጥ ሪፈራል ሆስፒታሉንም አዳሬ ሆስፒታልንም ተማሪ ይጫናቸዋል፤ የሕክምና ተማሪው፣ አዋላጇ፣ ነርሱ አንድ አልጋ ይከባሉ። ሆስፒታሉ ሄዳችሁ ሜትረኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) ጠይቁ፦ ይህ ኮሌጅ ዘንድሮ ውል አለው? በአንድ ዙር ስንት ተማሪ ይልካል? አስተማሪ አብሮ ይመጣል ወይስ ለተረኛው ጥሎ ይሄዳል? ክፍያ ያልጨረሰ ኮሌጅ ተማሪዎች ከዋርዱ በር የሚመለሱበት ጊዜ አለና የሷ መልስ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል። በአንድ አስተማሪ ከስምንት በላይ ተማሪ ከሆነ ኋላ የቆመው ምንም አያይም። ከሻሸመኔ ወይም ከይርጋለም የምትመላለሱ፣ አታችመንቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስም እንደሚጠራ አስቡበት፤ ለእነዚያ ወራት ሐዋሳ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ክፍል መጋራት ከመኪናው ክፍያና ከሚቀነሰው ነጥብ ሊረክስ ይችላል። (አዳማ ለመማር የምታስቡ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ሳትችሉ ታካሚ ታሪክ መውሰድ እንደሚከብድ አትርሱ። እዚህም ሲዳምኛ የሚችል ተማሪ ታሪኩን ጥሩ አድርጎ ይዞ ይመጣል።)

የዕቃው ወጪ በሁለቱም አንድ ነው፤ የሚያስበላው የተኮረጀው ዕቃ ነው። «ኦሪጅናል ሊትማን» (የታወቀ የስቴቶስኮፕ ስም) ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ስቴቶስኮፕ አብዛኛው ቅጂ ነው። ክላሲክ 3 የሚባለውን እንዲህ ሞክሩት፦ ደረታችሁ ላይ በስሱ አሳርፉት፣ ከዚያ ጫን አድርጉት። እውነተኛው በስሱ ሲያዝ ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ሲጫን ከፍተኛውን ያሰማል፤ ድምፁ ካልተለወጠ ቅጂ ነው። ጭንቅላቱ ላይ የተቀረጸ ተከታታይ ቁጥር መኖሩን እዩ፤ ቱቦው ላይ የታተመ ስም በአልኮል ሲጠረግ ከለቀቀ ተዉት። እኔ የምለው፣ ለደም ግፊትና ለሳንባ ድምፅ ስሙ የማይታወቅ ግን በሐቅ የሚሸጥ ባለሁለት ገጽ ስቴቶስኮፕ ይበቃል፤ የሐሰት ሊትማን ከሱም የባሰ ነው።

የግፊት መለኪያው የበለጠ ያስቸግራል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መርፌው ዜሮ ላይ ካልሆነ አትግዙ። ዜሮ ላይ ትንሽ ማቆሚያ ፒን ያለበት ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ መርፌው ከዜሮ በታች ወርዶ እንኳ ፒኑ ይዞ ዜሮ ያስመስለዋል። ክንድ ላይ ሳይሆን ጠርሙስ ላይ ጠቅልሉት፣ ቫልቩን ዝጉ፣ 200 ድረስ ንፉና ጠብቁ፤ መርፌው ዝም ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጎማው ወይም ቫልቩ ያስተነፍሳል። ቫልቩ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ተፈትቶ ሲጠረግ ይድናል። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን መጠገን ትርፍ የለውም፤ ጎማውን ብቻ ቀይሩ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ካሰራችሁ ንባቡ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ የጎማው ስፋት ከክንዱ ዙሪያ 40 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት።

ወደ ማለፉ ስንመጣ፣ ሰው የሚጥሉት ብዙ ጊዜ ረጃጅም የበሽታ ስሞች ሳይሆኑ ስሌቶች ናቸው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሆንበት ማንጠብጠቢያ፦ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ፣ በደቂቃ 42 ገደማ። ማይክሮድሪፕ (ደቃቁ ማንጠብጠቢያ) በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ መሆኑን ረስቶ በ20 የሚያሰላ ተማሪ መልሱን ሦስት እጥፍ ያዛባል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲን ከታዘዘ 60 ሚሊ ግራም ነው፤ አምፑሉ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1.5 ሚሊ ሊትር ትስባላችሁ። የማግኒዥየም ሰልፌቱ 4 ግራም መነሻ ዶዝንም ሥሩት፦ ከ50 በመቶው 8 ሚሊ ሊትር፣ የመርፌ ውሃ 12፣ 20 ሚሊ ሊትር የ20 በመቶ ይሆናል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ከጎን ይቀመጣል፤ ሪፍሌክስ፣ የአተነፋፈስ ቁጥርና የሽንት መጠን ሳይታዩ ቀጣዩ ዶዝ አይሰጥም። እነዚህን በየቀኑ አምስት አምስት በእጅ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። የፈተናው መድረክ ኮምፒውተር ስለሆነ ደግሞ ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት በኮምፒውተር ላይ ጥያቄ መመለስን ተለማመዱ፤ ማውዝ ያልለመደ ጣት ሰዓት ይበላል።

ሪሰርቹን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሩት። ርዕሱ ከምትሠሩበት ጤና ተቋም መዝገብ ላይ የሚወጣ ይሁን፤ የሥነ ምግባር ፈቃድና የተቋሙ ደብዳቤ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል፣ በመጨረሻው ወር የሚጀምር ሰው ለዚህ ብቻ አንድ ሴሚስተር ይጨምራል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚቀራችሁ የሙያ ፈቃድ ምዘናው ነው። በዲፕሎማ የተሰጠው ፈቃድ በራሱ ወደ ዲግሪ አያድግም፤ እንደ አዲስ ነው የሚጠየቀው። ለእሱም የሌቭሉ ዲፕሎማ፣ የሲኦሲ ወረቀትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ኦሪጅናል ስለሚያስፈልግ ለምዝገባ ኦሪጅናሉን ወስዶ ፋይል ውስጥ የሚያስቀር ኮሌጅ ካለ አትስጡት፤ አስተያይቶ ቅጂውን ይያዝ።