ቀላሉ የጌሚንግ ላፕቶፕና ሻጩ ያልመዘነው ቻርጀር

ሶኬት ላይ ተሰክቶ እያለ ባትሪው የሚወርድ ላፕቶፕ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ገዢ ያለ አይመስለኝም። የእኔው ባለ 14 ኢንች የጌሚንግ ላፕቶፕ ግን፣ አብሮት የመጣውን ትልቁን ቻርጀር ቤት ትቼ ባለ 100 ዋቱን ትንሽ የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ብቻ ይዤ ስወጣ፣ ከባድ ሥራ እንደተጀመረ ይህንኑ ያደርጋል። ቻርጅ እያደረገ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት እንደበራ ነው፤ መቶኛው ግን ከ100 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 80 እያለ ይንሸራተታል፤ ወደ 20 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሲስተሙ በራሱ ፈቃድ ኃይሉን ቀንሶ ጨዋታው እየተቆራረጠ እንዲሄድ ያደርገዋል። ዕቃውን ለወራት በሥራም በጨዋታም ተጠቅሜበታለሁ። ኪቦርዱ ጥሩ ነው፤ የኦሌድ ስክሪኑ ውብ ነው፤ ድምፁም ከመጠኑ በላይ ነው። ይህን ካልኩ ስለ እነርሱ የምጨምረው የለኝም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝ ቻርጀሩ ነው።

ወደ ጥገና ቤት የሚያስወስድ ብልሽት የለበትም፤ የማይሞላው ሂሳቡ ነው። በውስጡ ያለው አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ በዚህ ላፕቶፕ ላይ እስከ 90 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ ከዚህም 65 ዋቱ መደበኛ ድርሻው ሲሆን ቀሪው 25 ዋት ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀልለት የሚለቅለት ነው። ፕሮሰሰሩ በበኩሉ ከ30 ዋት ያላነሰ ይፈልጋል፤ ስክሪኑ፣ ማራገቢያዎቹ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ ሲደመሩ ጠቅላላ ፍላጎቱ ከ130 ዋት ያልፋል። ከትንሹ ቻርጀር የሚገባው ደግሞ ቢበዛ 100 ዋት ነው፤ ያውም በሙቀት መልክ የሚባክነው ሳይቀነስለት። ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ባትሪው የሚይዘው 73 ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ 35 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ከተቀዳበት ሁለት ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው፤ ረዘም ያለ ሬንደር (ኮምፒውተሩ ዲዛይንን ወደ ተጠናቀቀ ምስል የሚቀይርበት ሥራ) ግን በሁለት ሰዓት አያልቅም። አብሮት የመጣው ባለ 180 ዋት ቻርጀር ሲሰካ ይህ ሁሉ ችግር የለም። ስለዚህ ላፕቶፑ የተሸጠልኝን ጉልበት የሚሰጠኝ ያ ቻርጀር አብሮኝ ካለ ብቻ ነው።

ሻጩ ላፕቶፑን መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ወንድሜ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ ያዘው» ሲለኝ የተናገረው እውነት ነው። ቻርጀሩን ግን መዳፌ ላይ አላስቀመጠውም፤ በካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደተኛ ነበር። ከነገመዱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከላፕቶፑም ስለሚወፍር ቦርሳውን በአንድ ጎን ያሳብጠዋል። ይህን ብነግረው የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ፤ «በዩኤስቢ ሲ ቻርጀርም ይሠራል እኮ!» ይለኛል። ይሠራል። ለጽሕፈት፣ ለኢሜይልና ለስብሰባ ትንሹ ቻርጀር ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ጉዳዬ ጽሕፈትና ኢሜይል ቢሆን ኖሮ በግማሽ ዋጋ የሚገኝ ተራ ላፕቶፕ ነበር የምገዛው። የግራፊክስ ካርዱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ከተቀበለኝ በኋላ፣ ካርዱ ሥራ ሲጀምር የሚጎድለውን ኃይል ከባትሪው እየተበደርኩ እንድኖር ሊመክረኝ አይገባውም። ዕቃው የሚመዘነው በሚሠራበት ሁኔታ ከሆነ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ያልፋል፤ መለያው ላይ መጻፍ የነበረበትም ይኸው ቁጥር ነበር።

እንዲህም ሆኖ ትልቁን ላፕቶፕ አልመኝም። የምሠራው የሕንፃ ዲዛይኖችን በስሪ ዲ ሬንደር ማድረግ ነው፤ ቤቴ አያት አካባቢ ሲሆን የምመላለሰው ብዙውን ጊዜ በቀላል ባቡሩ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ነው። ጠዋት ባቡሩ ውስጥ ቦርሳን ጀርባ ላይ አዝሎ መቆም ለኪስ አውላቂ መጋበዝ ስለሆነ፣ ሁሉም ቦርሳውን ደረቱ ላይ ታቅፎ ነው የሚቆመው። ባለ 16 ኢንቹ የጌሚንግ ላፕቶፕ ብቻውን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ የእርሱ ቻርጀር ደግሞ ከ230 እስከ 330 ዋት የሚደርስ በመሆኑ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱን ታቅፎ ከመገናኛ እስከ ስታዲየም ቆሞ የሄደ ሰው፣ በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ሌላው የሚያከራክረኝ ነገር ስሙ ነው። በሱቆቹ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት «አርቲኤክስ 4060፣ 8 ጊጋ» ብሎ ያበቃል። አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ ባወጣው መግለጫ ግን ይህ የላፕቶፕ ካርድ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ ላፕቶፕ ሠሪው በመረጠው ልክ ሊገጠም ይችላል፤ 35 ዋት የሚወስደውም 115 ዋት የሚወስደውም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ማክስ ኪው የሚባለው ስያሜ ሲመጣ፣ ለቀጫጭን ላፕቶፖች ተብሎ ኃይሉ የተቀነሰው ካርድ ቢያንስ በስሙ ይለይ ነበር። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ያ ምልክት ከካርዶቹ ስም ላይ ተነሥቷል፤ ገዢው ዋቱን ከአምራቹ የዝርዝር ሰነድ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አለበት። «ያው 4060 ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ስንት ዋት እንደሆነ ጠይቁት። ወደ ቻርጀሩ ካየና 180 ካላችሁ፣ የጠየቃችሁትን አልተረዳም ማለት ነው።

የቢሮ ባልደረባዬ ባለ 16 ኢንቹ ላፕቶፕ አለው፤ ካርዱ በስም ከእኔው ጋር አንድ ሲሆን በዋት ግን ሙሉ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጠን አንድ ዓይነት ጨዋታ በአንድ ዓይነት ቅንብር ስናስኬድ፣ የእርሱ በሰከንድ 90 ፍሬም (ምስል) በሚያሳይበት ቦታ የእኔ 75 አካባቢ ያሳያል። ልዩነቱ ዋቱን ብቻ ተመልክቶ ሊገመት ከሚችለው ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቺፕ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት ዋቶች ብዙ ሙቀትና ጥቂት ፍጥነት ያመጣሉ። በተለይ ይህ ካርድ ከ100 ዋት ገደማ በላይ ሲሰጠው በቮልቴጅ ጣሪያው ተይዞ ብዙም አይፈጥንም። በ75 ፍሬምና በ90 ፍሬም መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ዓይኔ የሚያየው የፍሬም ቆጣሪውን ሳበራ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ይከራከረኛል፤ ይከራከር።

ክርክሩ የሚያበቃው መብራት ሲጠፋ ነው። በዚያች ቅጽበት የእኔም የእርሱም ላፕቶፕ እኩል ይሆናሉ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ 73 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 120 ዋት ቢጠየቅ 36 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ያልቅ ነበር፤ ባትሪውም ያን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ ቢያወጣ ስለሚግልና ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ሲስተሙ የካርዱን ድርሻ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። በዚህ ላይ ባትሪ ቆጣቢው ቅንብር ሳይነካ ከተተወ ጨዋታው በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ይታሰራል። ትልቁ ላፕቶፕ ትልቅ ባትሪ ይይዛል ትሉኝ ይሆናል። ይይዛል፤ ነገር ግን በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ መሳፈር የሚቻለው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን ባትሪ ስለሆነ፣ አምራቾቹ ከ99 ላይ ያልፋሉ ማለት ዘበት ነው። ትልቁ ካርድ ደግሞ የበለጠ ስለሚበላ ያችን ትርፍ ወዲያው ይጨርሳታል። ከግድግዳ ሲነቀሉ ሁለቱም ደካማ ከሆኑ፣ ሲደክም የሚቀልለውን መያዝ ይሻላል። «ባትሪው 10 ሰዓት ይቆያል» የሚለውን የሻጮች አባባል በተመለከተ፣ የስክሪን ብርሃን ዝቅ አድርጎ ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ሰው ከሆነ አልጣላቸውም።

ስለ ሙቀቱ የምለው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በውጭ አገር ግምገማዎች ላይ የሚጠቀሱት የሙቀት ቁጥሮች እኛ ከምንኖርበት አየር ጋር አይገጥሙም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚዞረው ያንኑ ያህል ቢሆንም በብረት ክንፎቹ መካከል የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያነሰ ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,000 ሜትር ድረስ እንደሚሠራ ይጽፋሉ፤ ይሠራል ማለት ግን በዚያው ፍጥነትና በዚያው ድምፅ ይሠራል ማለት አይደለም። በትንሽ አካል ውስጥ የተጨመቀ ላፕቶፕ ለዚህ ችግር የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ ቀጭን ማራገቢያ ሲጎድልበት የሚያካክሰው በፍጥነት መዞር ብቻ ነውና። ጆሮ ማዳመጫ ካላደረግሁ በስተቀር ማታ ስጫወት ሌላ ክፍል ያለ ሰው ይሰማዋል።

በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከዚህ ዕዳ ከፊሉን ይከፍላል። ለሥራ ድሬዳዋ ይዤው በወረድኩ ጊዜ ይህን በግልጽ አይቻለሁ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ወፍራም ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የቺፑም ሙቀት በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ ወፍራሙ አየር ያተረፈልኝን ሙቀቱ ወሰደው፤ ላፕቶፑም ፍጥነቱን እየቀነሰ ነበር የሠራው። ከሁለቱ ከተሞች የእኛይቱን እመርጣለሁ፤ ኋላውን በሁለት ትንንሽ ነገሮች ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የአየር መውጫውን አቧራ በየጊዜው ማጽዳት እዚህ ይበቃል፤ እዚያ ግን አልበቃም።

ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 16 ጊጋው መቼም 32 አይሆንም። ይህ በቀጫጭኖቹ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለሬንደር የሚገዛ ሰው ከመጀመሪያው 32 ያለበትን ቢይዝ ይሻለዋል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ላፕቶፕ መለወጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ስለዚህ ያለውን ማስተካከል ነበረብኝ። መፍትሔው ሁለተኛ ትልቅ ቻርጀር ገዝቶ ቢሮ ማስቀመጥ ነበር። ይህም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ የቻርጀሩ ጫፍ የዚያ ሞዴል ብቻ ሲሆን፣ ገበያ ላይ «ኦሪጅናል ነው» እየተባለ የሚቀርበው ደግሞ ሲሰካ ላፕቶፑ አላውቀውም ብሎ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግበት ዓይነት ነው። እየሰካሁ፣ ከባድ ሬንደር እያስኬድኩ፣ መቶኛው መውረድ አለመውረዱን ቆሜ እያየሁ ነው በመጨረሻ ትክክለኛውን ያገኘሁት። አንዱ ሻጭ «ሰዓቱን ሁሉ ልትፈጅብን ነው እንዴ?» ብሎኛል። አዎ፣ ልፈጅበት ነው፤ ዋጋውን ሲነግረኝ እኔ ላይ አልቸኮለም።

አሁን አንዱ ቻርጀር ቤት፣ ሌላው ቢሮ ነው፤ በባቡሩ የምይዘው አንድ ኪሎ ተኩሏን ብቻ ነው፤ ትንሹ የዩኤስቢ ሲ ቻርጀርም ለደንበኛ ስብሰባ ብቻ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በዚህ አኳኋን ስጠቀምበት እጅግ እወደዋለሁ፤ የሁለተኛው ቻርጀር ዋጋ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ያ ገንዘብ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ሊቀነስልኝ ይገባ ነበር እላለሁ። የዩኤስቢ ሲ ደረጃው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 240 ዋት እንዲሸከም ተደርጎ ሳለ፣ የእኔው በ100 ላይ መቆሙ ደግሞ እስካሁን ያናድደኛል። ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ጨምሬልህ እንለዋወጥ ብሎኝ ነበር፤ ትልቁን ላፕቶፑን በየቀኑ መሸከም ሰልችቶታል። እምቢ ብዬዋለሁ።